ከወሊድ በኋላ ተገቢው ሕክምና ሲጓደል፦ በጅማ ለምትወልድ እናትና ለአስታማሚዋ

ልጁ ተወልዶ ሲያለቅስ የሁሉም ዓይን ወደ እሱ ይዞራል። ዘመድ ይደውላል፣ ገንፎው ይገነፋል፣ ጠያቂው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል። በዚህ ደስታ መካከል ከወሊድ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ለእናቲቱ ከሁሉም የበለጠ አደገኛ መሆናቸውን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። በዓለም ላይ ለእናቶች ሞት ቀዳሚው ምክንያት ደም መፍሰስ ነው፤ አብዛኛውም የሚደርሰው በእነዚሁ ሰዓታት ነው።

ይህን መመሪያ ምጥ ከመጣ በኋላ ሳይሆን በዘጠነኛው ወር አንብቢው። አስታማሚሽም ታንብበው፤ ማንበብ ካልቻለች አንብቢላት። ደም እየፈሰሰሽ ራስሽ ለራስሽ መከራከር ስለማትችይ የምትናገርልሽ እሷ ናት።

ስለ ቅደም ተከተሉ ከመጀመሪያው ልናገር። ክትትል ሲጓደል አንዳንዱ ቤተሰብ ወዲያው ጠብ ያነሣል፤ ጠቡ በረጋ ጊዜ ሕክምናው ዘግይቷል። ሌላው ደግሞ «ሐኪሙን አስቀይመን ጭራሽ ባያዩልንስ» በሚል ይሉኝታ እስኪነጋ ዝም ይላል። ሁለቱም መንገዶች እናት አስከፍለዋል። መጀመሪያ ሕክምናውን ማግኘት፣ እግረ መንገድ የሆነውን በሰዓቱ መጻፍ፣ አራሷ ከአደጋ ስትወጣ ደግሞ አቤት ማለት ነው የሚያዋጣው። ሌሊት ተረኛ ሆና ብዙ ወላዶችን ብቻዋን የምትይዝ አዋላጅ ድካም እውነተኛ ድካም ነው፤ በአክብሮት ሊነገራት ይገባል። ሆኖም መናገሩ መቅረት የለበትም።

በዘጠነኛው ወር የሚዘጋጅ

አስታማሚሽን ምረጪ። የቅርብ ዘመድ መሆኗ ብቻ አይበቃም። ሰው ፊት የምትናገር፣ የማትደነግጥ፣ ሌሊቱን አብራሽ ልታነጋ የምትችል ትሁን። እናትሽ ደም ስታይ የምትደነግጥ ከሆነች ገንፎውን እሷ ትያዝ፤ ለማስታመሙ እህትሽ ወይም ጎረቤትሽ ትምጣ።

የእርግዝና ክትትል ካርድሽን አውጥተሽ ሦስት ነገር ፈልጊ፦ የደም ዓይነትሽ፣ የደም ግፊትሽ ልክ እና የደም ማነስ ምርመራሽ። አንዱ ካልተጻፈ ወደ ጤና ጣቢያው ተመለሺና ይሠራልሽ። የደም ዓይነትሽ «ኔጋቲቭ» ከሆነ ካርዱ ላይ በትልቁ ይጻፍ፤ ልጁ «ፖዘቲቭ» ሆኖ ከተወለደ አንቺ በ72 ሰዓት ውስጥ መወጋት ያለብሽ «አንቲ ዲ» የተባለ መርፌ አለ። ይህ መርፌ ቢረሳ ጉዳቱ የሚታየው አሁን በተወለደው ልጅ ሳይሆን በሚቀጥለው እርግዝና ነው። ስለዚህም ነው በቀላሉ የሚዘነጋው። በየትኛው ሆስፒታል ወይም ፋርማሲ እንደሚገኝ አስቀድመሽ አጠያይቂ።

ደም ቢያስፈልግሽ የሚለግሱ ሁለት ሦስት ጤነኛ ሰዎች ስማቸውና ስልካቸው ይያዝ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ከከተማው ውጭ ከሆንሽ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት አምቡላንስ ሹፌር ስልክ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይወሰድ። አንድ የባጃጅ ሹፌርም ይታወቅ፤ ሌሊት ሲደወልለት የሚነሣ ይሁን።

ትንሽ ደብተርና እስክሪብቶ ከልጁ ልብስ ጋር ይታሰር። ሰዓትን አስመልክቶ ልብ በይ፦ ባለሙያዎች ካርድ ላይ አንዳንድ ጊዜ በፈረንጅ ቀንና ሰዓት ይጽፋሉ። አስታማሚሽ ግን በለመደችው ትጻፍ፤ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ብላ፣ ቀንና ሌሊቱን ለይታ።

በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የሚገባሽ

የሚገባሽን ካላወቅሽ የጎደለውን ማወቅ አትችይም። ጤናማ ወሊድ ቢሆንም እንኳ እናትና ልጅ ቢያንስ 24 ሰዓት በጤና ተቋሙ ቆይተው ክትትል ሊደረግላቸው ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ይህንኑ ይላል። አልጋ ሞልቷል ተብሎ በስድስት ሰዓት ውስጥ «ደህና ነሽ፣ ሂጂ» ብትባዪ፣ ቢያንስ ግፊትሽ፣ ሙቀትሽና የደምሽ ሁኔታ ታይቶ እንደሆነ ጠይቂ።

የደም ግፊት ከወለድሽ ብዙም ሳይቆይ መለካት አለበት፤ ደህና ከሆነም በስድስት ሰዓት ውስጥ እንደገና። የልብ ምትና ሙቀት እንዲሁ። ሽንት በስድስት ሰዓት ውስጥ መውጣት አለበት። የደሙ መጠንና የማህፀንሽ መኮማተር በየጊዜው መታየት አለባቸው፤ ይህ ደግሞ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ቶሎ ቶሎ የሚደረግ ነው። የእንግዴ ልጁ በ30 ደቂቃ ውስጥ ካልወጣ ራሱን የቻለ ችግር ስለሆነ ሐኪም መጠራት አለበት። ሲወጣም ሙሉ መሆኑ ይመረመራል። «የእንግዴ ልጁ ሙሉ ነው?» ብላ አስታማሚሽ ብትጠይቅ ነውር የለውም።

አንድ ነገር ራስሽ ልታደርጊ ትችያለሽ። እጅሽን እምብርትሽ ላይ አድርገሽ በቀስታ ተጫኚ፤ ማህፀንሽ እንደ ኳስ ጠንከር ብሎ መዳሰስ አለበት። ለስላሳ ሆኖ ካገኘሽውና ደሙ ከበዛ ወዲያው አስጠሪ። እስከዚያ ሽንትሽን ሽኚ፤ የሞላ ፊኛ ማህፀን እንዳይኮማተር ያደርጋል። ልጁንም ጡት አስይዢው፤ ልጁ ሲጠባ ሰውነትሽ የሚያመነጨው ሆርሞን ማህፀኑን ያኮማትራል።

በኦፕሬሽን የወለደች እናት ከዚህ በተጨማሪ ቁስሏ፣ በካቴተር (በቀጭኑ የሽንት ቱቦ) የሚወርደው ሽንቷ መጠንና ቀለም፣ የህመም ማስታገሻዋ ሰዓት ይከታተልላት። ህመም ሲሰማት «ቻዪው» መባል የሕክምናው አካል አይደለም።

በመንግሥት ጤና ተቋማት የወሊድና የድኅረ ወሊድ አገልግሎት በነፃ ነው የሚሰጠው። መድኃኒት ከውጭ ግዙ ከተባላችሁ ማዘዣውና ደረሰኙ ይቀመጥ። «ይህ በነፃው አገልግሎት አይካተትም ወይ?» ብሎ መጠየቅም መብት ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ በአስቸኳይ የሚያስፈልግ ከሆነ መጀመሪያ ይገዛ፤ ክርክሩ ይደርሳል።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

እዚህ ላይ ዘግየት ብዬ መናገር እፈልጋለሁ፤ በአካባቢያችን እናት የሚወስዳት ብዙ ጊዜ የምልክቱ ስም ነውና።

አራስ ስትንቀጠቀጥና ስታተኩስ ቤት ውስጥ የሚሰጠው ስም «ምች» ወይም «ብርድ መታት» ነው። ዳማከሴ ይታሻል፣ መስኮት ይዘጋል፣ ብርድ ልብስ ይደረባል፣ ላብ ይጠበቃል። ከእናቶቻችን የወረስነውን እንክብካቤ አላናንቅም፤ አራስን ማሞቅና ማሳረፍ መልካም ነው። ነገር ግን ከወሊድ በኋላ ባሉት ቀናት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ የደረሰ ትኩሳት፣ በተለይ ከሚሸት ፈሳሽ ወይም ከታችኛው ሆድ ህመም ጋር ሲመጣ፣ የማህፀን ኢንፌክሽን ምልክት ነው። ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ከገባ በአንድ ሁለት ቀን ሊገድል ይችላል። ዳማከሴው መታሸት ካለበትም ወደ ጤና ጣቢያ በሚሄደው ባጃጅ ውስጥ ይታሽ።

ደም ሲበዛ ደግሞ «የቆሸሸው ይውጣላት» ይባላል። ከወሊድ በኋላ ደም መውጣቱ ያለ ነው፤ ቀን በቀንም እየቀነሰ ይሄዳል። አንድ ሞዴስ ወይም የታጠፈ ጨርቅ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ከራሰ፣ ትላልቅ የረጋ ደም ከወጣ፣ ወይም ከቀነሰ በኋላ እንደገና ከጨመረ ግን ያ «ቆሻሻ» አይደለም። በሕክምናው ቋንቋ ያለ ኦፕሬሽን ከወለዱ በኋላ 500 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ መፍሰሱ አደጋ ነው። በዓይን ሲታይ ከእውነተኛው አንሶ ይገመታልና አስታማሚዋ የራሱትን ሞዴሶች ሳትጥል በፌስታል ታኑራቸው። ለባለሙያ ማሳየት ከመቶ ቃል ይሻላል። ለደም መፍሰስ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ትራኔክሳሚክ አሲድ ነው፤ የሚጠቅመውም ከወሊድ በኋላ በሦስት ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ነው። ስለዚህ «ትንሽ እንይ» የሚባልበት ጊዜ የለም።

ሦስተኛው ራስ ምታት ነው። «እንቅልፍ አጥታ ነው» ይባላል። ከባድና የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር ያለ ህመም፣ የፊትና የእጅ እብጠት ካለ ግፊት ይለካ። ግፊት በእርግዝና ጊዜ ደህና የነበረ ቢሆንም ከወለዱ በኋላም ይነሣል፤ እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ። 140/90 ከደረሰ ክትትል ይፈልጋል፣ 160/110 ከደረሰ ድንገተኛ ነው። መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ከመጣ ደግሞ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ብቻ ነው፤ ክብሪት ማሽተት፣ አፍ ውስጥ ማንኪያ መክተት አያስፈልግም። በጎኗ አስተኝቶ መውሰድ ነው።

ሌሎቹን ባጭሩ፦ የአንድ እግር ማበጥና ህመም፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት፣ የተሰፋው ቦታ መከፈት ወይም መግል መያዝ፣ ጡት ቀልቶ ማተኮስ፣ ሽንት አልወጣ ማለት ወይም ያለፈቃድ መፍሰስ።

ልጁ ካልጠባ፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ካተኮሰ ወይም ከቀዘቀዘ፣ መዳፉና የውስጥ እግሩ ቢጫ ከሆነ፣ ወይም ከተንቀጠቀጠ እሱም የዚያኑ ሰዓት ይወሰድ። እትብቱ ላይ ባለሙያ ከሰጠው መድኃኒት በቀር ቅቤም ሆነ ሌላ ነገር አይቀባ።

የሚሰማሽ ሰው ሲጠፋ

አሁን ሆስፒታል ውስጥ ነሽ፣ ምልክቱ ታይቷል፣ የሚመጣ ሰው ግን የለም። አነጋገር ለውጥ ያመጣል። «ሲስተር፣ አሟታል፣ እባክሽ እይልን» የሚለው በዚያ ክፍል ውስጥ ያለች እናት ሁሉ አስታማሚ የምትናገረው ነው። ባለሙያ ቶሎ የሚነሣው ሰዓትና መጠን ሲሰማ ነው። እንዲህ ይባል፦

«ሲስተር፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው የወለደችው። ካለፈው አንድ ሰዓት ወዲህ ሁለት ሞዴስ ሞልቷል፣ ይኸው። ልትነሣ ስትል አዞራት። ግፊቷ ከወለደች ወዲህ አልተለካም። አሁን ይለካልን፣ ማህፀኗም ይታይልን።»

አራት ነገር አለው፦ መቼ ወለደች፣ ምን ያህል ፈሰሰ፣ ምን ተሰማት፣ ምን ይደረግልን። መልሱ «መጣሁ» ከሆነ አስታማሚዋ ሰዓቱን ጽፋ ትጠብቅ። ለደም መፍሰስና ለመንቀጥቀጥ ግን አትጠብቅ፤ ወደሚቀጥለው ሰው ትሂድ።

የሚቀጥለው ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በጤና ጣቢያ ከሆንሽ ከተረኛዋ አዋላጅ በላይ ተረኛ ጤና መኮንን ወይም የጤና ጣቢያው ኃላፊ አለ። እንደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ባለ የማስተማሪያ ሆስፒታል መጀመሪያ የምታገኚው አብዛኛውን ጊዜ ኢንተርን፣ ማለትም ትምህርቱን ሊጨርስ የቀረበ ተለማማጅ ሐኪም ነው፤ ከእሱ በላይ ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር ሐኪም አለ፣ ከሬዚደንቱ በላይ ተረኛ የሆነ የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት፣ ባለሙያዎቹ «ሲኒየር» የሚሉት አለ። «ለሬዚደንቱ ይነገርልን» ማለት ማንንም መስደብ አይደለም፤ ኢንተርኑም ከበድ ያለ ነገር ሲገጥመው ወደ ላይ እንዲያሳውቅ ይጠበቅበታል። በነርሶች በኩል የክፍሉ አስተባባሪ፣ ከእሷም በላይ የነርሶች ሁሉ ኃላፊ የሆነችው ሜትረን አለች። በሌሊት የሆስፒታሉን ኃላፊነት የያዘ ተረኛ አለ፤ የት እንደሚገኝ ጥበቃዎቹ ያውቃሉ።

ድምፅን ከፍ ማድረግ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ ስድብ ግን አያስፈልግም። አስታማሚዋ ስትጨቃጨቅ ጥበቃ ካስወጣት አንቺ ብቻሽን ቀረሽ ማለት ነው። ያ ትልቁ ኪሳራ ነው።

በንዴት ፈርሞ መውጣትም እንዲሁ። «በራሴ ፈቃድ ወጥቻለሁ» የሚለው ወረቀት ላይ መፈረም በኋላ አቤቱታሽን ያዳክማል፤ ከሁሉ በላይ ግን በመንገድ ላይ ደም ቢፈስስሽ የሚረዳሽ የለም። ሌላ ቦታ መሄድ የግድ ከሆነ በሪፈር ወረቀት፣ በአምቡላንስ፣ የሚቻል ከሆነ ከባለሙያ ጋር ይሁን።

በጅማ ወዴት?

በከተማው ያሉት ጤና ጣቢያዎች ጤናማ ወሊድን፣ የድኅረ ወሊድ ምርመራን፣ ክትባትንና ለድንገተኛ የመጀመሪያ እርዳታን ይሰጣሉ። ኦፕሬሽንና ደም ሲያስፈልግ በከተማው ያሉት ሁለቱ የመንግሥት ሆስፒታሎች ሸነን ጊቤ ሆስፒታልና ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ናቸው። ማዕከሉ ለደቡብ ምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል የመጨረሻው የሪፈር ቦታ ነው። ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት፣ ከዴዶ፣ ከሰቃ ጨቆርሳ የሚላኩ ከባድ ጉዳዮች ወደዚያ ስለሚመጡ ወረፋው የሚገርም አይደለም። ለቁስል እይታና ለክትባት እዚያ ቀን ሙሉ ከመቀመጥ ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ይሻላል፤ ለደም መፍሰስና ለመንቀጥቀጥ ግን ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው።

ከወረዳ የምትመጣ እናት ሪፈር ወረቀቷ ላይ የተሰጣት መድኃኒት ስምና ሰዓት መጻፉን ታረጋግጥ። መንቀጥቀጥን የሚከላከለውን ማግኒዚየም ሰልፌት ወይም ማህፀንን የሚያኮማትረውን ኦክሲቶሲን ተወግታ ከሆነና ወረቀቱ ካልነገረ ተቀባዩ ሐኪም በጨለማ ነው የሚጀምረው። የሚልከው ተቋም አስቀድሞ እንዲደውል ይለመን፤ ሆስፒታሎች ለዚህ ሥራ የተመደበ የላይዘን ክፍል አላቸው። በክረምት የገጠሩ መንገድ በጭቃ ሲያዝ ቃሬዛና የሚሸከሙ ወንዶች እስከ ዋናው መንገድ ድረስ መዘጋጀታቸው አሁንም ያለ እውነት ነው፤ የዕድሩ ሊቀመንበር ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

ሲሸኙሽ፣ ከዚያም ቤት

ያለ ወረቀት አትውጪ። በመውጫ ወረቀትሽ ላይ የወለድሽበት ቀንና መንገድ፣ የፈሰሰው ደም ወይም የገጠመሽ ችግር፣ የተሰጠሽ መድኃኒት፣ የመጨረሻው ግፊትሽ፣ የቀጠሮሽ ቀን ይኑር። ወረቀቱን ከማስቀመጥሽ በፊት በስልክ ፎቶ አንሺው፤ አራስ ቤት ውስጥ ወረቀት ይጠፋል። የካርድ ቁጥርሽንም ለይተሽ ጻፊ። ካርድ ክፍል ውስጥ መዝገብሽን የሚያወጣው እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ መታየት ያለብሽ በሦስተኛው ቀን፣ በሁለተኛው ሳምንት ውስጥ አንድ ጊዜ፣ እና በስድስተኛው ሳምንት ነው። እዚህ ላይ ባህላችንና ቀጠሮው ይጋጫሉ። አራስ ከቤት አትወጣም፤ ኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ ለወንድ 40 ለሴት 80 ቀን ክርስትናውን ይጠብቃል፣ ሙስሊሙም አርባ ቀኑን ይቆጥራል። ሕክምናው ግን በሦስተኛው ቀን ይፈልግሻል። መፍትሔ አለው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ድረስ መጥታ እናትና ልጅን ማየት የሥራዋ ክፍል ነው፤ ደውዪላት፣ ወልጃለሁ በያት። ካልመጣች አስታማሚሽ ጤና ኬላ ድረስ ሄዳ ታስመዝግብሽ። ከመጣችም ልጁን ብቻ አይታ እንዳትሄድ፤ «የእኔንም ግፊት ለኪልኝ» በያት።

በስድስተኛው ሳምንት ልጁ ለክትባት ይወሰዳል፤ በዚያው ቀን አንቺም ታዪ። የተሰፋው ቦታ፣ የደም ማነስ፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ፣ ግንኙነት ሲጀመር የሚሰማ ህመም ይነሣ። እናቶች የልጃቸውን ካርድ አስሞልተው የራሳቸውን ሳያስነሡ ይመለሳሉ። ያሳዝነኛል፤ ያው ግቢ፣ ያው ቀን ነውና።

በዓይን የማይታየው

በመጀመሪያው ሳምንት ማልቀስ፣ ሆድ መባባት የብዙ እናቶች ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥም ይለቃል። ከሁለት ሳምንት አልፎ ሐዘኑ ካልለቀቀ፣ ልጁን ማየት ካስጠላሽ፣ እንቅልፍ ልጁ ተኝቶም ካልመጣ፣ መኖር ካስጠላሽ ይህ የሚታከም በሽታ ነው። ድምፅ መስማት፣ የማይገባ መናገር፣ ልጁን ለመጉዳት ማሰብ ከመጣ ደግሞ ድንገተኛ ነው፤ እናቲቱም ልጁም ብቻቸውን አይተዉ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ጠበልም ዱዓም ይቀጥል፤ ክኒኑ ግን በእነሱ ምክንያት አይቋረጥ።

ሽንት ወይም ዓይነ ምድር ያለፈቃድ የሚፈስሳት እናት ፌስቱላ ሊሆንባት ይችላል። ለረጅም ሰዓት ካማጠች በኋላ የሚመጣ ጉዳት ነው፤ በእርግማንም በኃጢአትም አይመጣም፤ ይታከማል። ቶሎ ከታየ ካቴተር በማቆየት ብቻ የሚድን አለ። የሐምሊን ፌስቱላ ሆስፒታል ከጅማ ቅርብ ያለው ማዕከል መቱ ላይ ነው፤ ሕክምናውም በነፃ ነው። ቤት ደብቆ ማስቀመጥ ይቁም።

አቤቱታ

አራሷ ከአደጋ ወጣች። አሁን ደብተሩ ይከፈት።

መጀመሪያ ተቋሙ የማን እንደሆነ ይለይ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው በከንቱ የሚመላለሰው። ጤና ጣቢያ ከሆነ ከጤና ጣቢያው ኃላፊ ቀጥሎ ያለው የከተማው ወይም የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ነው። ሸነን ጊቤ የክልል ሆስፒታል ስለሆነ ከሆስፒታሉ አስተዳደር በላይ ያለው የኦሮሚያ ጤና ቢሮ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የዩኒቨርሲቲው አካል ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ የፌዴራል ተቋም ስለሆነ አቤቱታው ከማዕከሉ ኃላፊ ወደ ዩኒቨርሲቲው አመራር ይወጣል። የግል ክሊኒክ ወይም ሆስፒታል ከሆነ ፈቃድ የሰጠው የጤና ተቆጣጣሪ አካል ነው የሚጠይቀው። የክልሉ መሥሪያ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ለእነሱ የሚገባውን ደብዳቤ በዚያው ቋንቋ የሚጽፍልሽ ሰው ብትፈልጊ ጉዳዩ ይፈጥናል።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይበልጥ። ስሜቱ እውነተኛ ቢሆንም ለመርማሪ የሚጠቅመው ሰዓት ነው። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«በካርድ ቁጥር … ተመዝግቤ በ… ወር በ… ቀን ከሌሊቱ … ሰዓት ወልጃለሁ። ከወለድሁ በኋላ እስከ … ሰዓት ድረስ የደም ግፊቴ አልተለካም። ከ… ሰዓት ጀምሮ ብዙ ደም እየፈሰሰኝ መሆኑን አስታማሚዬ በ… ሰዓትና በ… ሰዓት ለተረኛ ባለሙያ አሳውቃለች። በሐኪም የታየሁት በ… ሰዓት ነው። በዚህም ምክንያት … ደርሶብኛል። ጉዳዩ እንዲጣራ፣ ውጤቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ፣ የሕክምና ማስረጃዬም እንዲሰጠኝ አመለክታለሁ።»

የሰሙ ያዩ ሰዎች ስም፣ ደረሰኞች፣ የመውጫ ወረቀቱ ቅጂ ይያያዝ። በሁለት ቅጂ ይዘጋጅና አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ አድርገሽ በሌላው ላይ ማኅተም፣ ቀንና ቁጥር አስመቺ። ያለ ቁጥር የገባ ደብዳቤ አልገባም ማለት ነው። በቃል «እናያለን» ሲባል «መቼ ልመለስ?» ብለሽ ቀኑን ጻፊ።

የተሰደበች፣ የተመታች፣ ያለ ፈቃዷ የተነካች እናትም አቤት ትበል። ሕክምናው ተሳክቶ ልጁ በሰላም ቢወለድም ስድብ ጉድለት ነው፤ ጤና ሚኒስቴር ራሱ ባለሙያው ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ እንዲሆን ሲወተውት ዓመታት አልፈዋል። የታካሚን ፈቃድና ምስጢር መጠበቅ በሕግ የተደነገገ ግዴታ ነው።

የባለሙያው ጥፋት ከባድ ነው ብለሽ ካመንሽ ጉዳዩ በጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል፤ የሥራ ፈቃድን እስከ ማገድ ወይም መሰረዝ የሚደርስ እርምጃ የሚመጣው በዚያ መንገድ ነው። ጅማ ውስጥ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ቅርንጫፍ አለ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም አቅም ለሌላቸው ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ደብዳቤ ለማስጻፍም መነሻ ይሆናል። ባለሙያ በከባድ አስፈላጊነት ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት አገልግሎት ከነፈገ የ1996 የወንጀል ሕግ ይጠይቀዋል። ለደረሰው ጉዳት ካሳ ለመጠየቅ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከውል ውጭ ላለ ኃላፊነት የሰጠው ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰ ሁለት ዓመት ነው፤ «ልጁ ከፍ ይበልና» እያሉ ማሳደሩ መብቱን ይዞ ይሄዳል።

የክፍሉን ቪዲዮ ፌስቡክ ላይ መለጠፍ የሚያስመኝ ቁጣ ይገባኛል። ሆኖም በዚያ ቪዲዮ ውስጥ ራቁቷን የተኛች ሌላ እናት አለች። ማስረጃው ወደ መርማሪው ይሂድ።

እናት ወይም ሕፃን ሞቶ ከሆነ ቤተሰቡ በለቅሶ መካከል ወረቀት ማሰብ ይከብደዋል። ከዕድሩ አንድ የተረጋጋ ሰው ይወከልና የሞቱን ምክንያት የሚገልጽ የጽሑፍ ማስረጃ ይጠይቅ። የጤና ተቋማት የእናቶችንና የጨቅላ ሕፃናትን ሞት መዝግበው መንስኤውን የሚገመግሙበት ሥርዓት አላቸው፤ የቤተሰቡ ቃል፣ በተለይ ቤት የጠፋው ሰዓትና መንገድ ላይ የጠፋው ሰዓት፣ ለዚያ ግምገማ የሚፈለግ ነው።

መልሱ ሲመጣ በጽሑፍ ይሁን። ካልረካሽበት ወደሚቀጥለው አካል ስትሄጂ የመጀመሪያውን መልስ ቅጂ አያይዢ። ሁሉንም ወረቀት ከእርግዝና ካርድሽ ጋር በአንድ ፌስታል አስቀምጪ፤ እንደገና ስታረግዢ በመጀመሪያው ክትትል ቀን አዋላጇ ፊት የምታወጪው እሱን ነው። አንድ ጊዜ ብዙ ደም የፈሰሳት ወይም ግፊት የተነሣባት እናት በሚቀጥለውም ወሊዷ ሊደገምባት ስለሚችል፣ የት እንደምትወልድና ደም ማን እንደሚሰጥላት ከዚያን ቀን ጀምሮ ይታሰብላታል።